ሦስት ሰው የቀመሰው ኮሶ

ግራዝማች ባምላኩ ዓርብ ወደ ማታ ሞተ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከጮቄ ሥር እስከ ሮብ ገበያ ያልሰማ አልነበረም፤ ያለቀሰ ግን አልተገኘም። ለጎረቤቱ በሬ እንኳ ከንፈሩን የሚመጥ ሕዝብ ያን ዕለት ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። ሰውየው ጣሊያን አገሩን በያዘ በሦስተኛው ወር የገባ ባንዳ ነበር፤ ግራዝማችነቱንም የሰጠው ጣሊያን ነው። ስለዚህ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንቱታው ይቅርበት።

ጭቃ ሹሙ ታረቀ ግን እየሮጠ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ካለችው ጎጆ ሲደርስ እማሆይ ወለተ ሰንበት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

«እማሆይ፣ ማሬን አሰሯት!»

እንዝርቱ ቆመ። ማሬ የግራዝማች ወጥ ቤት ናት፤ የእማሆይ ደግሞ የክርስትና ልጅ።

«ማን ነው ያሰራት?»

«የምሽጉ አዛዥ፣ ካፒታኖው ነዋ! ግራዝማችን በመርዝ ገደለችው ተብሎ። በታኅሣሥ ወንድሟን ድረስን ያሰቀለው የግራዝማች ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አይደል? ደሟን መለሰች አሉ። ረቡዕ ገበያ መሀል ትሰቀላለች።»

«አሉ ያልከው ማን ነው?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም የሚባል ሰው አላውቅም። አፍ ያለው አንድ ሰው ጥራልኝ።»

ታረቀ ራሱን አከከ። «እንግዲህ... አስተርጓሚው አስማማው ነው የነገረን። ሽማግሌዎቹ ካፒታኖውን ለምነው አንዲት ቀን አገኙ። ማክሰኞ አውጫጭኝ ተቀምጠን፣ ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ይናገራል። ገዳይ ካልተገኘ ማሬ ናት። እባክዎ፣ እርስዎ ይድረሱልን።»

ታረቀ ወደ እማሆይ መምጣቱ ያለ ነገር አልነበረም። ባላቸው ሠላሳ ዓመት ዳኛ ነበሩ፤ እሳቸው ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ሙግቱን ሲሰሙ ኖረዋል፤ እራት ላይ የሐሰተኛውን ስም ለባላቸው የሚነግሩ እሳቸው ነበሩ ይባላል። በማይጨው ጊዜም ተከትለው ዘምተው ቁስለኛ አስታመዋል። ምላሳቸው ስለታም ነው፤ ሰነፍ ሰው ይሰለቻቸዋል፤ ይህንንም አይደብቁም። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

በግራዝማች ቤት ሬሳው ነገሩ ሳይጣራ እንዳይቀበር ተብሎ አልጋው ላይ እንዳለ ነበር። እማሆይ ጨርቁን ገልጠው አዩት። ሆዱ እንደ ነጋሪት ተወጥሯል። አልጋው ሥር ያለው ገበቴ ትውከት ትውከት ይሸታል። በክፍሉ ውስጥ የፉርኖ ዱቄት ጆንያ፣ የፓስታ ካርቶንና ባዶ ብርሌዎች አሉ፤ የውኃ እንስራ ግን የለም። ከትራሱ ሥር ቡናማ ብልቃጥ አወጡ፤ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። ሽታውን አንድ ጊዜ ሳብ አድርገው ብልቃጡን ወደ ጉያቸው ከተቱ።

የሟች ሚስት ወይዘሮ የዓለምዘርፍ በሐር ሻሽ ተሸፋፍና ተቀምጣለች። ዐይኗ ደረቅ ነው።

«ሆዱን ከያዘው ስንት ጊዜው ነው?» አሏት።

«እንዴ እማሆይ! ባሌ ተገድሎብኝ ስለ ሆድ ይጠይቁኛል?»

«በሆዱ የኖረን ሰው ከሆዱ ሌላ ከየት ልጀምርለት?»

ሴትዮዋ ፊቷን አጨማደደች። «ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ ነው። ድሮ በየቀኑ ሜዳ ይወጣ ነበር። ኋላ በአራት ቀን አንዴ ሆነ፤ ኋላ በሳምንት። ሲያምጥ ውሎ የሚያወጣው እንደ ፍየል በጠጥ ነው።»

«ደም ነበረው? ክሳትስ?»

«ደም የለውም። መክሳቱስ፣ ምን ሊከሳ! ሲውጥ ይውላል።»

«ምን ይውጣል?»

«የገብስ እንጀራ የባላገር ነው ብሎ ትቶታል። የፉርኖ ዳቦና ፓስታ ነው። ጎመኑንም፣ ተልባውንም አላይም አለ።»

«ውኃስ?»

«አርበኞች ምንጩን ይመርዙብኛል ብሎ ከጠጅ በቀር አይጠጣም ነበር። ያንንም ሳያስቀምስ አይጠጣም።»

«ሜዳ ሲወጣስ?»

የዓለምዘርፍ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። መልሱን የሰጠው በር ላይ የቆመው ዘበኛ ነው፤ ለመናገር የቸኮለ ይመስል ነበር። ግራዝማች ከእያንዳንዱ ቁጥቋጦ ኋላ ጠመንጃ ይታየው ነበርና፣ ማለዳ ወገቡን ሊሞክር ሲወጣ ስድስት ዘበኛ ጀርባውን ሰጥቶ ይከበው ነበር። ስድስት ሰው አጠገቡ ቆሞ እያሳለ የሚሆንለት ማን አለ? ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ሱሪውን እየሰበሰበ ይመለሳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የግራዝማች ሆድ ሦስተኛ ሆነላቸው።

እማሆይ አልሳቁም፤ ብልቃጡን ከጉያቸው አወጡ። «ይህ ብልቃጥስ?»

«የሳል መድኃኒት ነው። ኅዳር ላይ ብርድ መትቶት የጣሊያኑ ሐኪም፣ ዶቶሬው ነው የሰጠው። ጧት ሃያ፣ ማታ ሃያ ጠብታ ይወስዳል።»

«ሳሉ መቼ ተወው?»

«ከገና በፊት።»

«ዛሬ እኮ ጥር እያለቀ ነው።»

«እንዳያቋርጥ ብሏል አሉና... አስማማው በየሳምንቱ ከምሽጉ የመድኃኒት መጋዘን እያስሞላ ያመጣለታል። ሲወስደው ደኅና ይተኛል። ቀኑንም ሌሊቱንም ይተኛል። የዐይኑ ብሌን እንኳ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ አንሳ ነበር።»

«መጨረሻውን ንገሪኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ከግራዝማች ሆድ ፈስ እንኳ አልወጣም፤ የበላውን ያስመልስ ጀመር። ረቡዕ ዕለት ዶቶሬው ከምሽጉ መጣ፤ ሆዱን በእጁ ተጫነው፤ በቱቦው አዳመጠው፤ ብዙ ተናገረ። አስማማውም «ነገ በማለዳ ጠንከር ያለ ኮሶ ይጠጣ ብሏል» ብሎ ነገራቸው። ሐሙስ ሲነጋ መሪጌታ አካለ ወልድ በጠበጡ፤ ግራዝማችም ጠጣ፤ በማግሥቱ ሞተ።

«ኮሶውን ማን ማን ነካው?»

«መሪጌታ ቀምሰው ሰጡኝ፤ እኔ ቀምሼ ለማሬ ሰጠኋት፤ እሷም በመዳፏ ቀምሳ ነው ያቀረበችለት። እሱ እያየን ሦስታችንም ካልቀመስን በጄ አይልም።» ከዚያ ጮክ ብላ ጨመረች፦ «ከኔ እጅ በኋላ የያዘችው እሷ ናት!»

«ሰማሁ። የማትወጂው ባል ሲሞት ጮክ ብሎ መናገር ያለ ነው» አሉና ወጡ።

መሪጌታ አካለ ወልድ ደጀ ሰላሙ ጥግ ሥርና ቅጠላቸውን ዘርግተዋል። ከአንድ ቃል አማርኛ ሁለት ቃል ግዕዝ የሚቀላቅሉ፣ ሰው እንዳይገባው ሲሉ የሚናገሩ መድኃኒት ዐዋቂ ናቸው።

«ኮሶ ሰው ገድሎ አያውቅም!» አሉ ገና ሳይጠየቁ። «እርስዎም ጠጥተዋል፤ እኔም ጠጥቻለሁ፤ አባት እናታችን በየሁለት ወሩ ጠጥተው ሽረዋል።»

«የኛ ሆድ በወዲያ በኩል ክፍት ነበራ። ያስመልሰው እንደነበር አላዩም?»

«አይቻለሁ።»

«ሆዱ ተወጥሮ፣ ፈስ እምቢ ብሎት አላዩም?»

መሪጌታ ላብ ላብ አላቸው። «እውነት ለመናገር እጄ ፈርቶ ነበር። ግን የፈረንጅ ሐኪም ካዘዘ እኔ ማን ነኝ? ደግሞም ደስ አለኝ፣ አልደብቅም! ያ ዶቶሬ በመስከረም ገበያ መሀል ኮሶዬን ቆሻሻ ነው ብሎ በጫማው ደፍቶብኝ ነበር። ይኸው እግዚአብሔር ፈረደ፤ መልሶ አዘዘው!»

«አዘዘው» አሉ እማሆይ ቀስ ብለው። «ዕውቀትዎ ኩራትዎን ቢያህል ኖሮ ሙት በተነሣ።»

ማሬ የታሰረችው በጎተራ ውስጥ ነው። እጇን የቆዳ ጠፍር በልቶታል። እማሆይን ስታይ አለቀሰች።

«እማሆይ፣ እንዲሞት አልተመኘሁም አልልም። ወንድሜ ድረስ ከተሰቀለ ወዲህ በየቀኑ ተመኝቻለሁ። ግን አልገደልኩትም።»

«መመኘት ቢያሰቅል ኖሮ ባገሩ ገመድ ባለቀ። ኮሶውን ቀምሰሻል?»

«በመዳፌ ሙሉ። እንዲያውም ሐሙስ ሦስት ጊዜ ሜዳ ወጣሁ።»

«ረቡዕ ዶቶሬው ሲመጣ የት ነበርሽ?»

«ገበቴውን ይዤ አጠገባቸው። ያንን ብልቃጥ ከትራሱ ሥር ሲያገኘው ጮኸ። ወደ ደጅ ሊወረውረው ሲል አስማማው እጁን ይዞ ተቀበለው፤ ኋላም መልሶ ከትራሱ ሥር ከተተው። ከዚያ ዶቶሬው እጁን ሆስፒታሉ ወዳለበት ወደ ማርቆስ እየዘረጋ ደጋግሞ ተናገረ። አስማማው ‹ብልቃጡ አሮጌ ነው፤ ከማርቆስ አዲስ ይመጣለታል ነው የሚለው› አለን።»

እማሆይ የልጅቱን እንባ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ነገሩ እንደ ሙግት ሲያጓጓቸው ነበር፤ አሁን ግን ፍርሃት ገባቸው። ረቡዕ ሩቅ አልነበረም።

አስማማው ራሱ ወደ እሳቸው መጣ። የምሽጉ ሰው ሁሉ የሚፈልገው፣ ጣሊያንኛ ከሚሲዮን የተማረ፣ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ የሚስብ ጎልማሳ ነው። ከደረት ኪሱ የብር ሰንሰለት ይታያል፤ በሰንሰለቱ ጫፍ የግራዝማች ማኅተም አለ።

«እማሆይ፣ ይህ የመነኩሴ ሥራ አይደለም። ዶቶሬው ራሱ መርዝ ነው ብሏል።»

«ኮሶ ያዘዘስ እሱ አይደለም?»

«አዎ፤ ያዘዘው ትክክል ነው። መርዙን ኮሶው ውስጥ የጨመረችው ማሬ ናት።»

«ምን ዓይነት ሐኪም ነው?»

«ይህ የኛን ቅጠላ ቅጠል የሚያይ ተራ ሰው አይደለም። ዘመናዊ ነው! የባላገር ነገር ሲሸተው ያጥወለውለዋል» አለ አስማማው በኩራት፣ እሱም እንደሚያጥወለውለው አፍንጫውን ነፍቶ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እማሆይ አመስግነው ሸኙት።

ሰኞ ዕለት ብቻቸውን ወደ ምሽጉ ወጡ። አስተርጓሚ አልጠሩም። በጉያቸው ብልቃጡን፣ በእጃቸው የኮሶ ቅል ይዘው ወደ ዶቶሬው ድንኳን ገቡ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ የማያውቅ ሁለት አዛውንት በአራት እጅ ምን እንደ ተነጋገሩ በማግሥቱ ይታያል። ሲወጡ ግን እንደ ጎረምሳ ይራመዱ ነበር።

ማክሰኞ አውጫጭኙ ከወይራው ሥር ተቀመጠ። ካፒታኖው በሸራ ወንበር ላይ እግሩን አንፈራጦ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ቀጭኑ ዶቶሬ፣ መሀል ላይ አስማማው ቆሟል። ማሬን ከነገመዷ አቀረቧት። እማሆይ ተነሡ።

«ሰው ሲሞት ማን ገደለው እያልን እንጮኻለን። ምን ገደለው ብሎ የጠየቀ የለም። ኮሶውን የቀመሳችሁ ተነሡ።»

መሪጌታና የዓለምዘርፍ ተነሡ፤ ማሬ ቆማለች።

«ሦስቱም ከአንድ ቅል ቀምሰዋል፤ ማሬም የቀመሰችው የመጨረሻዋ ሆና፣ እሱ እያያት ነው። መርዝ ቢኖርበት አራት መቃብር በቆፈርን። ይኸው ሦስቱም ቆመዋል። ስለዚህ ከኮሶ በቀር ኮሶው ውስጥ ምንም አልነበረም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። አስማማው ለካፒታኖው አራት ቃል ወረወረ።

«ንግግሬ እንዲህ አጭር ነው?» አሉት እማሆይ፤ ሰው ሳቀ። «እንቀጥል። ይህ ሰው ከሁለት ወር በላይ ሆዱ ደረቀ። ውኃ ፈራ፤ ቅጠልና እህል ናቀ፤ ሜዳ መውጣት ፈርቶ የመጣውን እየመለሰ ያዘው። ይህ ሁሉ ሆድ ያደርቃል፤ ለዚህ ግን ውኃና ተልባ፣ ድፍረትም ይበቃው ነበር። ሆዱን ቆልፎ የያዘው ይህ ነው።» ብልቃጡን አነሡ። «በማይጨው የፈረንጅ ሐኪሞች ተቅማጥ ለያዘው ወታደር ይህንን ሲሰጡ አይቻለሁ። ሽታውን አልረሳውም። ዐሥር ጠብታ ተቅማጡን ለሦስት ቀን ያስረዋል፤ ያስተኛል፤ የዐይንን ብሌን ያጠባል። ባምላኩ ሳሉ ከለቀቀው በኋላ እንኳ በቀን አርባ ይወስድ ነበር። እንዳያቋርጥ ተብሏል ብሎ ያመጣለት ማን ነው?»

«አስማማው» አለች የዓለምዘርፍ። ድምፅዋ በዚህ ጊዜ ዝቅ ያለ ነበር።

«እኔ የታዘዝኩትን ነው ያደረስኩት!» አለ አስማማው።

«ይሁን። ሰኞ ሆዱ ጨርሶ ተዘጋ። ከወዲያ በኩል በተዘጋ ሆድ ላይ ኮሶ ማፍሰስ ማለት ግድብ በተዘጋበት ቦይ ላይ ጎርፍ መልቀቅ ነው፤ ይፈነዳል። መሪጌታ ይህንን ፈርተው ነበር፤ ፈረንጅ አዘዘ ሲባሉ ጊዜ ግን ፍርሃታቸውን በኩራት ዋጡት። አሁን እናንተ ፍረዱ። የመሪጌታን ኮሶ ቆሻሻ ብሎ በጫማው የደፋ፣ የባላገር ነገር የሚያጥወለውለው ዶቶሬ፣ መደርደሪያው ሙሉ የራሱ መድኃኒት እያለው፣ ከመቼ ወዲህ ነው ኮሶ የሚያዝ?»

አስማማው አልተረጎመም።

«አንተን አልጠይቅህም» አሉት። «ራሱን እጠይቀዋለሁ።»

ወደ ዶቶሬው ዞሩ። ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ነፍተው አሳዩት፤ እንደሚያስመልስ ሰው አጎነበሱ፤ ከዚያ የኮሶውን ቅል አንሥተው ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ኖ! ኖ! ኖ!» ብሎ ዶቶሬው ከመቀመጫው ዘለለ። ቅሉን ነጥቆ መሬት ላይ ፈጠፈጠው፤ በጫማውም ረገጠው።

«ኮሶዬን! ዳግመኛ!» አሉ መሪጌታ፤ ያን ጊዜ ግን የሳቀላቸው የለም።

እማሆይ ብልቃጡን አሳዩት። ዶቶሬው ዐሥር ጣቱን ዘረጋ፤ ፀሐይ ወጥታ እንደምትገባ በክንዱ እያዞረ ዐሥር ቀን ቆጠረ፤ ከዚያ ሁለት እጁን አጣምሮ «አበቃ» አለ በምልክት። ወደ ሟቹ ቤት ጠቆመ፤ ወደ ማርቆስ ጠቆመ። ይህንን ሁሉ ሕፃን እንኳ ይረዳው ነበር። ወዲያው ወደ ካፒታኖው ዞሮ በጣሊያንኛ እንደ ውርጅብኝ ያወርደው ጀመር። ከተሰበሰበው ሁሉ ቃሉን የሚሰማ አስማማው ብቻ ነው። ሕዝቡም የፈረንጁን ነገር ከአስማማው ፊት ላይ አነበበ፤ በየቃሉ ፊቱ አመድ እየመሰለ ሄደ።

«በፈረንጁና በኛ መካከል አንድ በር ብቻ ነበረ፤ እሱም አስማማው ነው» አሉ እማሆይ። «ዶቶሬው ጠብታውን ጣሉ፣ ኮሶ አትስጡት፣ ማርቆስ ውሰዱት አለ። በሩ ኮሶ ይጠጣ ብሎ ገባልን። እኛ ኮሶ ጠጥቶ ሞተ አልን፤ በሩ መርዝ ነው ብሎ ወጣላቸው። ለምን? ባምላኩ ማርቆስ ሄዶ ጠብታው ቢለቀው ይነቃል። ቢነቃ ደግሞ ሁለት ወር ተኝቶ ሳለ በማኅተሙ ማን ማን እንደ ተከሰሰ ያያል። የሞተ እንደሆነ ግን ቦታው ባዶ ነው፤ ግራዝማችነቱም ስም ሲያቀርብ ለኖረው ታማኝ አስተርጓሚ ይገባል። ታረቀ፣ ድረስን ያሰቀለው ደብዳቤ መቼ ተጻፈ?»

«በታኅሣሥ አጋማሽ።»

«ያን ጊዜ ባምላኩ ስሙን የማያውቅ እንቅልፋም ነበር። ማኅተሙ በማን ኪስ ነው?»

ሰው ሁሉ የብር ሰንሰለቱን አየ። ማሬም አየችው። ዐይኗን ከሰንሰለቱ ወደ አስማማው አነሣች። እሱ ዐይኑን ሰበረ።

ካፒታኖው ከወንበሩ ተነሣ። የሰው ሕይወት ያን ያህል የሚያሳስበው ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የሰማውን ሁሉ በማን አፍ እንደሰማ ከዶቶሬው ቃል አሁን ገባው፤ አንገቱ ቀላ። ሰው ሁሉ ያፈጠጠበትን ማኅተም ከነሰንሰለቱ መንጭቆ ወሰደ። ሁለት ወታደሮች የአስማማውን እጅ ወደ ኋላ አሰሩት። ከዚያ ካፒታኖው ወደ ሕዝቡ ዞሮ ሁለት ነገር ተናገረ፤ ቆመና ጠበቀ። የሚተረጉምለት ሌላ ሰው አልነበረውም። አስማማውን በሽጉጡ አፍ ጎኑን ነካ አደረገው።

«ካፒታኖው...» አለ አስማማው። «ሴቲቱ ትፈታ ብሏል። አስተርጓሚው... አስተርጓሚው ነገ በገበያ ይሰቀል ብሏል።»

«ከዚች ላይ ቃል አልቀነሰም» አሉ እማሆይ።

የማሬን ገመድ ራሳቸው ፈቱት። ጠፍሩ ጠብቆ ነበርና በጥርሳቸው ጭምር ሳቡት። ልጅቱ እጇ ሲለቀቅ እግራቸው ላይ ወደቀች። «የድረስን ገዳይ አገኙልኝ» ትል ነበር ደጋግማ። እማሆይ ደግፈው አነሷት። «ዘገየሁ ልጄ» አሉ። «በታኅሣሥ መጠየቅ ነበረብኝ።»

መሪጌታ አካለ ወልድ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀረብ አሉ። «እማሆይ፣ እንግዲህ ደሙ ወጥቶለታል፤ ግራዝማችን በወግ እንፍታው? ፍትሐቱን እኔ...»

«እኔ የመጣሁት የማሬን እጅ ልፈታ ነው» አሉ እማሆይ። «እሱ እንደ ታሰረ ይቀበር።»

ከዚያ የማሬን ክንድ ይዘው ወደ ምንጩ ወረዱ፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ጠግባ ውኃ አልጠጣችም ነበር።